«ማን መረጣቸው?»

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ማግስት የሚነሣው ጥያቄ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ አንድ ነው። «ማን መረጣቸው?» ይባላል። ጥያቄው የፒያሳ ካፌዎች ብቻ አይደለም። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በሲሪንቃም፣ ጨዋታው አልቆ ሬዲዮኑ እንደ ተዘጋ በሻይ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሥራ አንድ ይደረድራል። የመምህሩ አሥራ አንድ ከሹፌሩ አይገጥምም፤ የሹፌሩ ከባለ ሱቁ አይገጥምም፤ ሦስቱም የሚስማሙት አሰልጣኙ በመሳሳቱ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። እኔም ደጋፊ ነኝ፤ የራሴ አሥራ አንድ አለኝ። ደግሞም በዚህ አገር «ማን መረጣቸው?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ ማንንም የማያሳስረው በኳስ ጉዳይ ብቻ የነበረበት ዘመን ረጅም ነውና፣ ጥያቄው ከኳስ የሰፋ ቁጭት መሸከሙ አይገርምም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን ስንከታተል ከሽንፈት በኋላ የምንጨቃጨቅበት ነገርና ያሸነፈን ነገር ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሆነው እናገኛቸዋለን።

የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ክርክር ራሱ የተጫዋች ምርጫ ክርክር ነበር። በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) ካርቱም ላይ ውድድሩ ሲጀመር መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ተገለለች። ኢትዮጵያም በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥማት የነበረችው ደቡብ አፍሪካ በመቅረቷ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ በድጋሚ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ሱዳንም 1 ለ 0 ጨመረችበት። በዚያን ጊዜ የነበሩ ደጋፊዎች ምን እንዳሉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆነ። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተደረሰባት፤ ግርማ ተክሌና አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም አምበሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ስለዚህ ድል የሚተረከው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ከጨዋታው በፊት የሆነው ነው። ሉቺያኖ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ ላይ የተወለደ ሰው ነው። በስፖርቱ አካባቢ የነበሩ አንዳንድ ሹማምንት ስሙ ቢለወጥ፣ ዋንጫውንም ከጃንሆይ እጅ የሚቀበለው «ጥርት ያለ ኢትዮጵያዊ» ቢሆን ይሻላል የሚል ሐሳብ አቅርበው እንደ ነበር፣ አቶ ይድነቃቸውም አሻፈረኝ እንዳሉ ይተረካል። ደቡብ አፍሪካ ተጫዋችን በቆዳው ስትመርጥ «አይሆንም» ካለው ማኅበር መሥራቾች አንዱ፣ ያንኑ ነገር በገዛ አገራቸው በስም በኩል ሲመጣባቸው «አይሆንም» ማለታቸው ነው። እግር ኳስ ሥር የሰደደው የት ነው ብለው ጠየቁ፤ አስመራ ነው፣ ድሬዳዋ ነው፣ አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ አመጡ። የዛሬው ደጋፊ የብሔራዊ ቡድን ስም ዝርዝር ሲወጣ በመጀመሪያ በክለብ፣ ቀጥሎም (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) በብሔረሰብ እየቆጠረ ሲያነብ ሳይ፣ የ1954ቱ ቡድን እንዲህ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ግቦች ሁለቱ አይገቡም ነበር እላለሁ። ያ ቡድን በዛሬው ማኅበራዊ መገናኛ አንድ ሳምንት የሚቆይ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን ዳግም አስተናግደን በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረታን። በ1962 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፤ በአይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ስንሸነፍ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት አገባብን። በ1968 ዓ.ም. በሜዳችን ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ አንድም ግብ ሳናገባ ተመለስን፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ዋንጫውን ከሩቅ አየን። በእነዚያ ዓመታት አሰልጣኝ ሲሾምና ሲሻር፣ ስም ሲወጣና ሲሰረዝ ኖሯል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ የፌዴሬሽኑ ሥልጣን ሽኩቻ ፊፋን አስቆጥቶ ኢትዮጵያ ታገደች፤ ከ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዘች። ያን ጊዜ የተሰለፈው ማንም ቢሆን፣ ተመርጦም ሳይመረጥም፣ ውጤቱ ያው ዜሮ ነበር። ደጋፊው ስለ አጥቂ ሲከራከር ያሸነፈው የቢሮ ጠብ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ 2005 ዓ.ም. እንምጣ፤ ምክንያቱም ስለ ምርጫ ልናውቀው የሚገባን ሁሉ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በመጨረሻው ማጣሪያ ከሱዳን ጋር ተደለደለ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸነፈ። «ማን መረጣቸው?» ተባለ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አዲስ አበባ ላይ አንዳንድ ግብ አግብተው 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ያ ጥያቄ የት እንደ ገባ የሚያስታውስ አልነበረም። ከመርሳ እስከ ወልድያ የሚያልፉ መኪኖች ክላክስ እያሰሙ አመሹ፤ የማያውቁት ሰው አቅፎ የሳመዎት ማታ ነበር።

ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ከዋንጫ ባለቤቷ ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን ነው። ልብ ይበሉ፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን። ሳላዲን የፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ ቡድኑ በአሥር ሰው ተጫውቶ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በመጨረሻም በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በናይጄሪያው ጨዋታ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ሲወጣ ተቀያሪ አልቆ ስለ ነበር የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ቆመ። ከሽንፈቱ በኋላ ያየነው ክርክር የታወቀ ነው። ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህና ከአሜሪካ የመጣው ፉአድ ኢብራሂም ለምን ተጠሩ የሚለው አለ፤ የለም፣ ለምን በቂ ጊዜ አልተጫወቱም የሚለውም አለ። አንዳንዱ ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ይላል።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ያ ቡድን በምርጫ የተበደለ ቡድን አልነበረም። በአገር ውስጥ ሊግ የተገኙትን ደህና ተጫዋቾች ይዞ ሄዷል፤ ቡርኪና ፋሶ እስከ ፍጻሜ፣ ናይጄሪያ እስከ ዋንጫው ደርሰዋል። በዚያ ምድብ ማንም ቢመረጥ ከባድ ነበር።

እውነተኛው የምርጫ ስሕተት የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ደጋፊው ግን አላየውም። ለ2014 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከማዕከላዊ አፍሪካ ጋር ተመድባ ምድቡን ትመራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋና ላይ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ረታን፤ አሸናፊዋን ግብ በርናርድ ፓርከር በገዛ ቡድኑ ላይ ነው ያገባት። ሕዝቡ ጎዳና ላይ እየጨፈረ ሳለ በዚያው ዕለት ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመርኩ ነው አለ። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አማካዩ ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አይገባውም ነበር፤ ተሰለፈ። የመጀመሪያውን ካርድ ያየው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ባደረግነው የመክፈቻ ጨዋታ ነው፤ ሁለተኛው ወደ አሥር ወር ገደማ ቆይቶ ከቦትስዋና ጋር በሜዳችን ስንጫወት መጣ። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የያዘ አንድ ደብተር፣ አንድ ተራ የሒሳብ መዝገብ፣ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም፤ ነበረ ከተባለም የተመለከተው የለም። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ። ቦትስዋና 3 ለ 0 በፎርፌ አሸናፊ ተባለች፤ ሦስት ነጥብ ሄደ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? የዚያን ጊዜ ክርክር «ምንያህል ይሻላል ወይስ እገሌ» የሚል አልነበረምና ነው። አሰልጣኙ የመረጡት ጥሩ ተጫዋች ነበር። የጠፋው ችሎታን የሚያይ ዓይን አልነበረም፤ የተጻፈ ነገር ነበር። ደግነቱ ቡድኑ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ስለዚህ በደሉ ተረሳ። ባያሸንፍ ኖሮ በኢትዮጵያ ኳስ ታሪክ ትልቁ ሽንፈት በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተመዘገበ ይሆን ነበር።

ከዚያ ናይጄሪያ መጣች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀዳሚውን ግብ ሲያገባ ብራዚል የታየችው ሰው ብዙ ነው። ኢማኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። ካላባር ላይ 2 ለ 0 ሲደገም ሁሉ ነገር አበቃ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በአገር ውስጥ ተጫዋቾች በሚደረገው የቻን ውድድር ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰና በየካቲት አሰልጣኝ ሰውነት ተሰናበቱ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት፣ ለዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ሲቀር ያደረሱት ሰው ናቸው። ተተኪው ፖርቱጋላዊ ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። እርሳቸውም ሄዱ፤ ሌላ መጣ፤ ሌላው ሄደ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ሲመጣ ስም ዝርዝሩ ከ«ሀ» ይጀምራል። የቀደመው ሰው ማንን፣ የት፣ ስንት ጊዜ አይቶ እንደ ጣለ ለተከታዩ የሚያስረክበው ጽሑፍ ሲኖር አልሰማንም፤ ርክክቡ የማሊያና የኳስ ነው።

አትሌቲክሱ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ሰዓት አለው። እርግጥ በዚያም ቢሆን ከየኦሊምፒኩ በፊት እሰጥ አገባ አይጠፋም። ቢሆንም ሲሳይ ለማ ተጎድቶ በ2016 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ መሄድ ሲያቅተው፣ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ማን እንደ ሆነ በሰዓቱ ይታወቅ ነበር፤ ሮጦም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ በወርቅ ተመለሰ። ኳስ ተጫዋች ሰዓት የለውም። ያለው ያየው ሰው ብቻ ነው፤ ያየው ሰው ካልጻፈ ደግሞ እንዳልታየ ይቆጠራል።

ሲሪንቃን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ይህች ትንሽ ከተማ በአገሪቱ የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ሥራው ደግሞ፣ በአንድ ቃል ለመናገር፣ ምርጫ ነው። ድርቅ የሚመታው ቆላ፣ አቀንጭራ የሚበላው ማሳ የትኛውን የማሽላ ዝርያ እንደሚሸከም ይመርጣሉ። አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት በተለያየ ቦታ፣ ለዓመታት፣ በተደጋገመ የሙከራ መደብ ይዘራል፤ መቼ እንዳበበ፣ ቁመቱ፣ ምርቱ፣ ዝናብ ያጠረበት ዓመት እንዴት እንደ ሆነ ሁሉ ይጻፋል። ከአንድ መጥፎ ክረምት በኋላ ተነሥቶ ዘሩን ሁሉ የሚደፋ ተመራማሪ የለም፤ ከአንድ ጥሩ ክረምት በኋላም «ተገኘ!» ብሎ የሚጨፍር የለም። ለአካባቢው በግራና ስም የተሰየመው «ግራና 1» የተባለው ማሽላ በዚህ ዓይነት መንገድ ያለፈ ነው።

ገበሬውም ቢሆን ያለ ማዕከል ያውቅበታል። የወሎ ገበሬ ጅጉርቲውንና ደጋሌቱን ለዘር የሚመርጠው ከአጨዳ በፊት፣ ማሽላው እንደ ቆመ፣ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ነው፤ የመረጠውንም ራስ ወስዶ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ከተወቃ በኋላ፣ ሁሉ ተደባልቆ ክምር ከሆነ በኋላ «የትኛው ነበር ጥሩው?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን የምንጠይቀው ሁልጊዜ ከተወቃ በኋላ ነው።

ታዲያ ማን ነው በማሳው ውስጥ የሚዘዋወረው? እዚህ ላይ የሰሜን ወሎ ሰው የግል ቅሬታ አለው፤ ባልሸሽገው ይሻላል። ከሲሪንቃ ብዙም ሳይርቅ ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ፤ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ወልድያ ከነማም በዚያ ወቅት በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የሀብሩ ልጅ ትልልቆቹን ክለቦች በዓይኑ አየ፤ መራጮችም የሀብሩን ልጅ የሚያዩበት መንገድ ተከፈተ። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. ወረደ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተወሰኑ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። የተገለጸው መንገድ እንደ ገና ተዘጋ ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ አገር አልባ ሆኖ መቆየቱ ነበር። ካፍ ስታዲየሞቻችን ደረጃቸውን አላሟሉም በማለቱ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ «የሜዳችን» ጨዋታዎች በባዕድ ምድር ሲደረጉ ዓመታት ተቆጠሩ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን፣ ያችን አድ ዲባን ያበቀለች ግብፅን፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቧቸው ግቦች 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ «ሜዳችን» ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ነበረች። በዚያች ማታ ማን መረጣቸው ብሎ የጠየቀ አልገጠመኝም። ለድል መራጭ አይፈለግለትም።

የፌዴሬሽን ባለሥልጣን ብሆን የማደርገው ብዙ አይደለም። የብሔራዊ ቡድኑን የተጫዋቾች መዝገብ በይፋ አወጣለሁ፤ ማን ተጠራ፣ በየትኛው ጨዋታ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ካርዱ፣ ጉዳቱ፣ ለምንስ ተቀነሰ። ለወጣት ቡድን የተጠራ ልጅም ሁሉ፣ ከሀብሩ ይሁን ከጂንካ፣ የታየበት ቀንና ያየው ሰው ስም ይጻፍለት። ደጋፊው ከዚያ በኋላም ይጨቃጨቃል፤ ይጨቃጨቅ። ቢያንስ የመምህሩና የሹፌሩ ክርክር አንድ ወረቀት ላይ ይሆናል።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ በጣልያን ኖረ፤ በዚያም ለልጆች ኳስ ሲያስተምር ቆይቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። የአፍሪካ ዋንጫን ላነሣ ብቸኛ የኢትዮጵያ አምበል፣ ለአገሩ ስንት ጨዋታ እንዳደረገና ስንት ግብ እንዳገባ የተለያዩ መዛግብት ዛሬም የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ።